ሰዓቱ፣ ስልኩና ቻትቦቱ፦ አረጋውያን ወላጆችን ስንጠብቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጆች ሥራ ውለው እናት ወይም አባት ብቻቸውን በሚቆዩባቸው የአሜሪካ ቤቶች፣ መውደቅን የሚለይ ሰዓት፣ ክኒን የሚያስታውስ ስልክና ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቻትቦት እንግዳ መሆናቸው ቀርቷል። ይጠቅማሉ። ችግሩ የሚመጣው መሣሪያው የወላጆቻችንን አኗኗር የሚያውቅ ሲመስለን ነው።

ሰዓትን እንደተነገረን መሙላት። እናት “ክኒኔ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው” ሲሉ 8፡00 ማለታቸው ነው። ቻትቦት ግን 2፡00 ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ያኔ ማንቂያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል። ይሄስ እንቅልፍ ቢያሳጣ ነው። የሚብሰው የጠዋቱ ተስተካክሎ የማታው ከቀኑ 8 ሰዓት (2፡00 ፒኤም) ላይ እንደተሞላ ሲረሳ ነው፦ በ12 ሰዓት ልዩነት የታዘዘው በ6 ሰዓት ይዋጣል። ማንቂያውን “የቁርስ ክኒን”፣ “የእራት ክኒን” በሉት፤ ከዕቃው ላይ ከተለጠፈው ትእዛዝ ጋርም አመሳክሩ። ቀጠሮም ያው ነው፤ መስከረም 5 ሴፕቴምበር 5 አይደለም።

ሰዓቱ ተገዛ ብሎ መዘናጋት። አፕል ዎች ከባድ አወዳደቅ ሲለይ ያስጠነቅቃል፤ ሰውየው ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰ 30 ሰከንድ ቆጥሮ ወደ 911 ይደውላል። ለዚህ ግን የራሱ የስልክ መስመር፣ በቅርብ ያለ አይፎን ወይም በዋይፋይ መደወል መቻል ያስፈልገዋል። 55 ዓመት ለሞላው በራሱ የሚበራውም የትውልድ ቀን በትክክል ከተሞላ ነው። ከአልጋ ቀስ ብሎ መንሸራተትን ላይለየው ይችላል። ደግሞ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሱ ሰዓቱ የት ነው? ቻርጀር ላይ። ስለዚህ ቻርጁ ቀን ይሁን፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ብዙ ይሞላለታል። ብዙ የ911 ማዕከላት በስልክ አስተርጓሚ ስለሚያገናኙ፣ ወላጅ ቢያንስ “አምሃሪክ” ብሎ መናገር ይለማመድ።

ለቻትቦት ግማሹን ብቻ መንገር። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስዱ እናት “ጎመን ይጎዳኛል?” ቢሉት “ይቀንሱ” ሊላቸው ይችላል። ጾም መግባቱን ግን ካልነገሩት አያውቅም። የጎመን ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል፦ በጾም ጎመን ሲበዛ ደም ሊረጋ፣ ሲፈሰክ ጎመኑ በድንገት ሲቀር ደግሞ መድማት ሊመጣ ይችላል። ዋናው ነገር መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አለመለዋወጡ ነው። ጾም ከመግባቱ በፊት ለክሊኒኩ ተናገሩ፤ የደም ምርመራውን ቀን እነሱ ይወስናሉ። ቻትቦቱ ለፋርማሲስት የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ቢያዘጋጅ ግን ጎበዝ ነው።

ሳያስፈቅዱ ካሜራ መስቀል። አባት ሲያገኙት ይነቅሉታል፤ ደግም ያደርጋሉ።

ድምፅን ማመን። ከቲክቶክ የተወሰደ አጭር ቅጂ የልጅን ድምፅ አስመስሎ “እማዬ፣ ታስሬያለሁ፣ ብር ላኪ” ለማሰኘት ይበቃል። ፌስቡክ ላይ የሌለ የቤት ቃል ምረጡ፤ ድሮ እናት ውኃ የቀዱበት ምንጭ ስም ሊሆን ይችላል። ቃሉን ያላወቀ ደዋይ ስልኩ ይዘጋበትና በተለመደው ቁጥር ለልጅ ይደወላል።