ጌም ለልጅ ከመፍቀድዎ በፊት የዕድሜ ደረጃውን እንዴት ማጣራት እንደሚችሉ

በመሐል አዲስ አበባ ጌም ከነማሸጊያው የሚገዛ ቤተሰብ እምብዛም አይገኝም። ልጆች ጌም የሚያገኙት መርካቶና ሜክሲኮ አካባቢ ካሉ ሱቆች ሃርድ ዲስክ ላይ አስጭነው፣ ከጓደኛ ስልክ ተቀብለው፣ ከቴሌግራም አውርደው፣ አለዚያም ሰፈር ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት እየከፈሉ ነው። ጌሙ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን የሚናገረው ምልክት ደግሞ የታተመው ማንም በማያየው በዚያ ማሸጊያ ላይ ስለሆነ፣ ወላጅ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰው ሲታረድ በድንገት እስኪያይ ድረስ ስለ ጌሙ አንዳች ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ ግን ከማሸጊያው ውጭም በነጻ ይገኛል፤ ፈልጎ ለማግኘት የሚፈጀውም ጊዜ ቡና ከሚፈላበት ያነሰ ነው።

ማጣራቱ የወላጅ ሥራ መሆኑ የምክር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ ይቆጥረዋል፤ አባትና እናትንም በጋራ አሳዳሪና ሞግዚት ያደርጋቸዋል። ደረጃውን የሚያወጡት የውጭ ተቋማትም ቢሆኑ ድርሻቸው መንገር እንጂ መከልከል አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት የኃይል ድርጊት የበዛባቸው ጌሞች ለልጆች እንዳይሸጡ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሕጉ የመናገር ነጻነትን ይጻረራል በማለት በ2011 እ.ኤ.አ. በ7 ለ2 ድምፅ ሽሮታል። በብሪታንያ በአንጻሩ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ12፣ የ16 ወይም የ18 ምልክት ያለበትን ጌም ከዚያ ዕድሜ በታች ላለ ልጅ መሸጥ ወንጀል ነው። መርካቶ ላይ ጌም የሚጭነው ነጋዴ ግን መታወቂያ አይጠይቅምና፣ እኛ ዘንድ የቁጥጥሩ በር ያለው ቤት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የጌሙን ሙሉ ስም መያዝ ነው። ልጆች ጌምን በቁልምጫ ይጠሩታል፤ «ጂቲኤ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ «የመኪና ጨዋታ ነው» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ልጁም አልዋሸም፤ መኪና በእርግጥ ይነዳበታል። ስለዚህ ጌሙን እፊትዎ ያስከፍቱትና መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ ከነቁጥሩና ከነንዑስ ርዕሱ በላቲን ፊደል እንዳለ ይገልብጡ። በአንድ ተከታታይ ውስጥ ያሉ ጌሞች ይዘታቸው ሊለያይ ስለሚችል ቁጥሩን መዝለል አይገባም።

ቀጥሎ ስሙን በሁለቱ ታዋቂ ተቋማት ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ። ኢኤስአርቢ (ESRB) የተባለው የአሜሪካ ሲሆን፣ የተቋቋመውም ሞርታል ኮምባት የተባለውን የድብድብ ጌም የመሳሰሉ ጌሞች በ1993 እ.ኤ.አ. በሴኔት ፊት መነጋገሪያ ከሆኑ በኋላ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በራሱ በኢንዱስትሪው ነው። «ኢ» (E) ለሁሉም፣ «ኢ 10+» (E10+) ከ10 ዓመት ጀምሮ፣ «ቲ» (T) ከ13፣ «ኤም» (M) ከ17፣ «ኤኦ» (AO) ደግሞ ለአዋቂ ብቻ ማለት ነው። ፔጊ (PEGI) የተባለው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የአውሮፓ ሥርዓት ሲሆን፣ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉ ቁጥሮችን ይጠቀማል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አረንጓዴ፣ መካከለኞቹ ብርቱካናማ፣ 18 ደግሞ ቀይ ነው። ቁጥሩ የዕድሜ ነገር እንጂ የጌሙን ክብደት ወይም ቅለት እንደማያሳይ ልብ ይበሉ፤ 3 የተጻፈበት የእግር ኳስ ጌም ለትልቅ ሰውም ሊከብድ ይችላል።

ብዙ ወላጅ ቁጥሩን አይቶ ገጹን ይዘጋዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ከቁጥሩ ሥር ያለው መግለጫ ነው። ፔጊ የኃይል ድርጊትን በጡጫ ሥዕል ያመለክታል፤ ይኸው ጡጫ ግን በየደረጃው የሚናገረው ይለያያል። በ7 ላይ ሲታይ ካርቱን የሚመስልና ዝርዝር የሌለው ድብድብ ማለት ነው፤ በ12 ላይ በምናብ ፍጡራን ላይ የሚደርስ ትንሽ የጎላ ጥቃት፣ ወይም ሰው በሚመስሉ ገጸ ባሕርያት ላይ የሚፈጸም ግን እውነት የማይመስል ድርጊት ሊሆን ይችላል፤ በ16 ላይ ጥቃቱ በገሃዱ ዓለም የሚታየውን ይመስላል፤ 18 የሚሰጠው ደግሞ የጭካኔ ግድያ፣ ያለ ምክንያት መግደል፣ ወይም ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት ሲኖር ነው። ያ «የመኪና ጨዋታ»፣ ማለትም በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ግራንድ ቴፍት አውቶ 5፣ በፔጊ 18፣ በኢኤስአርቢ «ኤም» ነው። የኢኤስአርቢ መግለጫ ደም፣ ከባድ የኃይል ድርጊት፣ እርቃን፣ ወሲባዊ ይዘት፣ ጸያፍ ንግግር፣ የአደንዛዥ ዕፅና የመጠጥ አጠቃቀም ብሎ ይዘረዝራል፤ ተጫዋቹ ራሱ መሣሪያ መርጦ የታሰረ ሰው የሚያሠቃይበት ክፍልም አለው። ይህን ያነበበ አባት ወይም እናት ለ11 ዓመት ልጅ ምን እንደሚመልሱ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።

ሁለቱ ተቋማት የማይስማሙበት ጊዜ አለ። ፐብጂ የተባለው የተኩስ ጌም በኢኤስአርቢ «ቲ»፣ ማለትም ከ13 ዓመት ጀምሮ ሲሆን፣ በፔጊ 16 ነው። እንዲህ ሲያጋጥም ጥብቁን መነሻ አድርጎ፣ ልጁን ዐይቶ ማላላት ከተገላቢጦሹ ይሻላል። ደረጃው የማይሸፍነው ነገርም አለ። ልጁ በኢንተርኔት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲጫወት በማይክራፎን የሚሰማው ስድብ በደረጃው ውስጥ አይገባም። «ሞድ» የተባሉት የተነካኩ ቅጂዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂቲኤ ተከታታይ ጌም፣ ሳን አንድሪያስ፣ የተደበቀ ወሲባዊ ክፍል እንዳለው በሞድ አማካይነት ከተገለጠ በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ደረጃው ከ«ኤም» ወደ «ኤኦ» ከፍ ብሏል። የሱቁ ልጅ «ይሄ የተሻሻለው ነው» ካለዎት፣ ያነበቡት ደረጃ ለዚያኛው ቅጂ ዋስትና እንደማይሆን ይወቁ።

ንባቡ ሲያበቃ ከልጁ አጠገብ ይቀመጡና ሲጫወት ይመልከቱ። ይህን የሚተካ ነገር የለም። በዚያው ውይይቱን ይጀምሩ፤ ነገር ግን «ነፍሰ ገዳይ ያደርግሃል» ብለው አያስፈራሩት፣ አያምንዎትምና። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ የኃይል ድርጊት የበዛባቸው ጌሞች እንደ መጮህና መገፍተር ካሉ የቁጣ ጠባዮች ጋር አነስተኛ ዝምድና እንዳላቸው ገልጾ፣ ለከባድ የኃይል ወንጀል ምክንያት ናቸው ለማለት ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። «ይህ ለዕድሜህ አይደለም፤ 16 ዓመት ሲሞላህ እንነጋገርበታለን» ማለት እውነትም ነው፣ ልጁንም ያከብረዋል።

ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ያስተካክሉ። በአንድሮይድ ስልክ ጎግል ፕሌይን ከፍተው የፕሮፋይል ምስሉን ይንኩ፤ ሴቲንግስ፣ ፋሚሊ፣ ፓረንታል ኮንትሮልስ የሚሉትን ተከትለው የይለፍ ቁጥር ያስገቡና የዕድሜ ገደቡን ይምረጡ። እዚያ የሚታየው ደረጃ የጌሙ ሠሪ መጠይቅ ሞልቶ የሚያገኘው ስለሆነ ፍጹም አይደለም። ገደቡ ከቴሌግራም የሚወርደውንም አያግድም፤ ስለዚህ በስልኩ ሴቲንግስ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» በሚለው ሥር ለቴሌግራምና ለብራውዘሩ የተሰጠውን ፈቃድ ይዝጉ፤ ልጁ መልሶ ሊከፍተው ስለሚችልም አልፎ አልፎ ይመልከቱት። ፕሌይስቴሽን 4 ካለ ደግሞ በሴቲንግስ ውስጥ የፓረንታል ኮንትሮልስ ክፍል ይገኛል። ከፋብሪካ ሲወጣ የይለፍ ቁጥሩ 0000 ስለሆነና ይህን የማያውቅ ልጅ ስለማይገኝ፣ ሌላውን ከመንካትዎ በፊት ቁጥሩን ይቀይሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ግን ገደብ ብቻውን አይበቃም፤ ታላቁ የተፈቀደለትን ሲጫወት ታናሹ ቁጭ ብሎ ያያልና፣ የ18ቱ ጌም የሚከፈተው ታናሹ ከተኛ በኋላ መሆኑን አስቀድመው ይወስኑ።

የሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚቀረው ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆች መዋያ ይሆናል። ልጁን ከመከልከልዎ በፊት ራስዎ ሄደው ግድግዳው ላይ ወይም ስክሪኑ ላይ ያሉትን ጌሞች ይመልከቱ፤ ከዚያም ቤቱን የያዘውን ወጣት በወግ ያነጋግሩት። «ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ የኔ ነው፤ ኳስ ይጫወት፣ ጂቲኤና ሞርታል ኮምባት ግን እንዳትከፍትለት፤ ከጠየቀህ አባትህ ከልክሏል በለው» ማለት ይበቃል። ደንበኛ ማጣት ስለማይፈልግና የሰፈር ሰው ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል። ካላለ ልጁ የሚሄድበትን ቤት ይቀይሩ፤ ለአዲሱም ቤት ያንኑ ይንገሩ።