ኤይላት ላይ የባሕር ወፎችን ስትመለከቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከመጋቢት እስከ ግንቦት በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሰሜን የሚያቀኑ የባሕር ወፎች አቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ሲደርሱ ውኃው ያልቅባቸዋል። የእስራኤሏ ደቡባዊ ከተማ ኤይላት ያለችው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሜዲትራኒያን 200 ኪሎ ሜትር ያህል የብስ ነው።

ዓይንን ከውኃው ላይ አለማንሳት፦ በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አብዛኛው ሰው ሰሜናዊው ዳርቻ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ብቻ ያያል። ስኩዋ የሚባሉት ጠቆር ያሉ ነጣቂ ወፎች ግን ውኃው ላይ አርፈው ይቆዩና እየዞሩ ሽቅብ ወጥተው በበረሃው ላይ ያልፋሉ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቀና በሉ፤ ዞር ብላችሁም ከሆቴሎቹ በላይ ያለውን ሰማይ ፈትሹ።

ቴሌስኮፕን እስከ 60 እጥፍ ማጉላት፦ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያርገበግበው የምታዩት የሚንቀጠቀጥ ጥላ ነው። 25 ወይም 30 ይበቃል።

በቀለም ብቻ መለየት፦ ከሩቅ፣ በተለይ ፀሐይ ከፊት ስትሆን፣ ሁሉም ወፍ ጥቁር ይመስላል። አበራረሩን እዩ። ስኩዋ ዓሣ የያዘች ተርን (ቀጠን ያለች ዓሣ አዳኝ የባሕር ወፍ) ካየ አይለቃትም፤ በታጠፈችበት እየታጠፈ፣ በወረደችበት እየወረደ ዓሣውን እስክትጥል ያሳድዳታል። ይህን ያየ ሰው ቀለም አይጠይቅም። ቀረብ ካለ ጅራቱን ተመልከቱ፦ የፖማሪን ስኩዋ መሐለኛ ላባዎች ጫፋቸው እንደ ማንኪያ ሰፊ ነው፤ የአርክቲክ ስኩዋ ግን ሹል ነው።

ዳርቻው ላይ ያለውን ሁሉ መንገደኛ ማድረግ፦ ጥቁር ራስ፣ ከዓይኑ በላይና በታች ነጭ ቅስት፣ ጫፉ የጠቆረ ቀይ ምንቃር ያለው ነጭ ዓይን ጋል (ጋል የባሕር ዳርቻ ወፍ ነው) የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ልጅ ነው፤ ሩቅ አይሄድም። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ የሆነው ጋል ግን በጋውን ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አሳልፎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ከስኩዋውም በላይ ልብ የሚነካ እሱ ነው፤ ሳታዩት አትለፉ።

ነፋሱን ሳያዩ መውጣት፦ የደቡብ ነፋስ ያለበትን ቀን ምረጡ።

ያረፈውን መንጋ መቅረብ፦ ለፎቶ ብላችሁ አታስነሱት። ወፉ ያረፈው ደክሞት ነው፤ ከፊቱም በረሃ ይጠብቀዋል። ዳቦም አትወርውሩለት። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ መነሻው ሲደርስ ራሱ ይነሣል፣ የሚያምረውም ፎቶ ያኔ ይገኛል።