እረፍት ወጥታችሁ ደክማችሁ እንዳትመለሱ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጭንቅላት የሚደክምበት ቀን አለ። ትኩሳት የለም፣ ሳል የለም፣ ቁርጠት የለም። ግን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ፣ አንዱን ካልሲ አድርጋችሁ ሌላውን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ አስር ደቂቃ ሙሉ ግድግዳ ታያላችሁ። እንዲህ ሲሆን አንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ ማረፍ ቅንጦት አይደለም። ችግሩ አብዛኞቻችን አናውቅበትም። እኔም ሀዋሳ ላይ፣ ከሐይቁ የአስር ደቂቃ መንገድ እየኖርኩ፣ እረፍት ወጥቼ ከስራ ቀን ብሶ ደክሞኝ አድሬ አውቃለሁ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«ሆዴን አሞኛል» ማለት

ለአለቃ «አእምሮዬ ደክሟል፣ ሐሙስ ልረፍ» ማለት ያሳፍራል። እኛ ዘንድ የአእምሮ ነገር ሲነሳ የሰው ሐሳብ ወዲያው አማኑኤል ሆስፒታል ይደርሳል። ስለዚህ መዋሸት ይቀላል። ሆድ፣ ጥርስ፣ ወገብ። የባሰበት ደግሞ አክስት ይገድላል። አንድ የማውቀው ሰው በሁለት ዓመት ሦስት አክስት ቀብሯል። ያለችው አክስት ግን አንዲት ናት፤ እሷም አርሲ ነገሌ ሱቅ ከፍታ በሰላም ትኖራለች።

እኔ የመረጥኩት ሆድ ነበር። ጠዋት ደወልኩና ድምፄን አቅጥኜ «ምግብ አልተስማማኝም» አልኩ። አለቃዬ «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉኝ። ቀኑ ጥሩ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄጄ የዓሣ ጥብስ አስጠቅልዬ መጣሁ። ልክ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዳጣ ውስጥ እንዳጠቀስኩ፣ በሩ ተንኳኳ። የግቢው ልጅ «የመስሪያ ቤትህ ሰዎች መጥተዋል» አለኝ።

ለካስ የታመመ ይጠየቃል! አምስት ሆነው፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን፣ ሙዝና አምቦ ውሃ ይዘው መጥተዋል። ሳህኑን በእግሬ አልጋ ስር ገፋሁት። ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ። ቤቱ በዓሣ ሽታ ታውዷል። ከሂሳብ ክፍል የመጡት እናታችን አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓሣ ነው የጎዳህ የኔ ልጅ፤ ሽታው እኮ እስካሁን አልወጣም።»

አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። እኔም አንድ ሰዓት ተኩል አቃሰትኩ። ማታውን ደግሞ ነገ ምን እንደምመልስ ሳጠና አነጋሁ። ውሸት ለካ ራሱን የቻለ ስራ ነው፤ ያውም የማታ ሽፍት ያለው። ሀዋሳ ደግሞ ጠባብ ናት። አዲስ አበባ ዋሽቶ መሰወር ይቻል ይሆናል፤ እዚህ ፒያሳ ያመለጣችሁት ሰው ፍቅር ሐይቅ ላይ ያገኛችኋል።

መናገር ያለባችሁ ትንሽ ነው። «ሰሞኑን በጣም ደክሞኛል። ሐሙስን ከዓመት ፈቃዴ ልውሰድ። የጀመርኩትን ረቡዕ አስረክባለሁ።» በቃ። የቤታችሁን ጉድ፣ የእንቅልፍ ማጣታችሁን ታሪክ መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የስራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አንዲት ቀን ቆርጦ መውሰድ ግን ከአለቃ ጋር የመግባባት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የሕመም ፈቃድ ሌላ ነገር ነው። የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃው ካለ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ይከፈላሉ። ሕመሙ የአእምሮ ይሁን የሆድ አዋጁ አይለይም።

ይሄ ሁሉ ደመወዝ ላለው ሰው ነው። ጉሊት ላይ ቲማቲም ደርድራ የምትውል ሴት ፈቃድ የምትጠይቀው አለቃ የላትም፤ የቀረችበት ቀን ከእራቷ ይቀነሳል። ለእሷ «አንድ ቀን እረፊ» ማለት ፌዝ ይሆናል። ጎረቤቷ ዕቃዋን ጠብቃላት የምታገኛት ግማሽ ቀን ግን ዋጋ አላት።

ድፍት እስኪሉ መጠበቅ

ብዙዎቻችን እረፍት የምንጠይቀው ስራ ቦታ ካለቀስን ወይም ደንበኛ ላይ ከጮህን በኋላ ነው። ምልክቱ ግን ቀደም ብሎ ይመጣል። እሁድ ማታ ሆድ ባር ባር ይላል። አንዷን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብባችሁ አትገባችሁም። የምትወዱት ስራ እንኳ «ምን አገባኝ» ያሰኛችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የስራ መታከትን ሲተረጉም የጠቀሳቸው ሦስት ነገሮች ከዚህ አይርቁም፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከስራው ልብ መራቅ፣ ውጤታማነት መቀነስ። በሽታ አላለውም፤ ከስራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ሦስቱ ገና ሳይሰባሰቡ ነው ቀኗን መውሰድ።

ለቤት ሰው ሳያስረዱ መቅረት

በአማርኛ ከ«ዝም ብለህ ከምትቀመጥ» የበለጠ አደገኛ ሐረግ አላውቅም።

«ዝም ብለህ ከምትቀመጥ በርበሬውን ወፍጮ ቤት አድርስልኝ» አለችኝ እህቴ፣ በሌላ የእረፍት ቀኔ። ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ነበር። ከፊቴ ስድስት ኬሻ፣ ከኋላዬ አራት እናቶች፣ ከላይ የበርበሬ ብናኝ። አስነጥሼ አስነጥሼ ዓይኔ ቀላ። ተመልሼ ስመጣ «እግረ መንገድህን» ተብዬ ቀበሌ ሄድኩ። ቀበሌ ደግሞ «ነገ ና» አለኝ።

እህቴ ክፉ ሆና አይደለም። ቤት የዋለ ሰው ስራ እንደፈታ ሰው ነው የሚቆጠረው፣ እሷም የሚይዝላት ሰው ያጣችበት ጉዳይ ተጠራቅሞባታል። አሁን የምናደርገው ድርድር ነው። ከዋዜማው እነግራታለሁ፦ እስከ 8 ሰዓት የኔ ነው፣ ከዚያ በኋላ በርበሬው የኔ ነው። ልጆች ያላት እናት ደግሞ ቤት ውስጥ እረፍት የለም። ወይ ልጆቹ ከቤት ይውጡ፣ ወይ እሷ ትውጣ። ባሎች፣ ይሄ እናንተን ይመለከታል።

የመስሪያ ቤቱን ቴሌግራም ግሩፕ ክፍት ማድረግ

አጥፉት። «እስቲ ብቻ ልየው» የሚባል ነገር የለም። ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚደውል አንድ ሰው ይበቃል።

ቀኑን ለጫት መስጠት

ይሄን የምጽፈው ለመስበክ አይደለም፤ ጓደኞቼ ይቅማሉ። ግን «ጭንቅላቴን ላሳርፍ» ብሎ ከ7 ሰዓት ጀምሮ በርጫ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ምርቃናው ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነው፤ ስራ ይለቀቃል፣ ድርጅት ይከፈታል፣ ውጭ ይኬዳል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይቀጥላል። እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ሲመጣም ከዱካክ ጋር ነው። ጠዋት ወደ ስራ የሚገባው ሰው ከትናንት በስቲያው የበለጠ ተደብሯል። ጫት ያነቃቃል እንጂ አያሳርፍም። በተለይ የጭንቀት ወይም የድብርት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መቃማችሁን ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ።

ወይ ሙሉ ቀን መተኛት፣ ወይ ቀኑን ማጨናነቅ

እንቅልፍ የጎደለው ይተኛ። ነገር ግን መጋረጃ ዘግቶ እስከ 9 ሰዓት አልጋ ላይ መገላበጥ ድብርትን ያበረታዋል። ማታም እንቅልፍ ያሳጣል። በተቃራኒው ጠዋት ታቦር ተራራ፣ ከሰዓት ጀልባ፣ ማታ ጓደኛ ብሎ ማቀድም ያው ስራ ነው።

እኔን የሚያሳርፈኝ አንድ ነገር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በእግሬ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሙሽራና ፎቶ አንሺ የሚሞላው ዳርቻ በስራ ቀን ጭር ይላል። አሞራ ገደል አስጋሪዎቹ መረባቸውን ሲያራግፉ እደርሳለሁ። ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ ይፍቃሉ፤ ቅርፊቱ እጃቸው ላይ ተለጥፎ ያብረቀርቃል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ኮት እንደለበሱ ጡረተኞች አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። አንዱ ጋ አንጀት ሲወረወር ያ ሁሉ ጨዋነት ይጠፋና ይጣላሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። ምንም አላስብም። ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቤት።

ሁሉን ነገር ከአንዲት ቀን መጠበቅ

አንዲት ቀን ድካም ታወርዳለች፤ ድብርትን አታድንም። ሐዘኑ ወይም የነገሮች ማስጠላት ሁለት ሳምንት ያህል ሳይለቅ ከዋለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተቃወሱ፣ የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው። እዚህ ከተማችን ሪፈራል የምንለው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ፀበል የምትሄዱ ሂዱ፤ የሐኪሙን ኪኒን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ፈቃድ እስኪጸድቅ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ብቻችሁን አትቆዩ።

በማግስቱ መካስ

አረፍኩ ብሎ በማግስቱ እስከ ምሽት 2 ሰዓት ማምሸት፣ ለሁሉም ማብራሪያ መስጠት፣ ያልተጠየቁትን ይቅርታ መጠየቅ። እኔ ይሄ አመል አለብኝ። ባለፈው ግን እውነቱን ተናግሬ ነበር የወጣሁት። አለቃዬ ትንሽ አዩኝና «ሐሙስ ነው አርብ?» ብለው ካሌንደሩን ሳቡ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

በማግስቱ ስገባ የሂሳብ ክፍሏ እናታችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«እንዴት ዋልክ ትናንት?»

«ጥሩ ነው። ሐይቅ ወረድኩ፣ ከዚያ ተኛሁ።»

«ዓሣ አልበላህም አይደል?» አሉኝ።