ለሮኬት አውሮፕላን በረራ የምርምር ሳጥን አዘገጃጀት

የቨርጂን ጋላክቲክ ኩባንያን ስፔስሺፕቱ በመሰለ፣ ከተሸካሚ አውሮፕላን ተለቅቆ ሮኬቱን በሚለኩስ መንኮራኩር ላይ ሞተሩ የሚነደው 1 ደቂቃ ያህል ነው። ክብደት አልባው ጊዜም ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ መሞቅ የሚፈልግ መሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ ይብራ።

በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሙከራ በሰዓት ቆጣሪ አታስጀምሩ። የመለቀቂያው ሰዓት ከተራዘመ ሳጥኑ ገና ወደ ላይ ሳይወጣ ሥራውን ይጨርሳል። አክስለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ሴንሰር) ግጠሙና እንዲህ እዘዙት፦ ከ2 ጂ (ከምድር ስበት ሁለት እጥፍ) በላይ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ከቆየ በኋላ ከ0.05 ጂ በታች ሲወርድ ጀምር። የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ትርፍ አይደለም፤ መንኮራኩሩ ከተሸካሚው ሲለቀቅ ለጥቂት ሰከንድ ስለሚወድቅ፣ ያለዚያ ሴንሰሩ ይታለላል።

ብዙዎች የሚረሱት ሙቀትን ነው። ክብደት በሌለበት ሞቃት አየር ወደ ላይ አይወጣም፤ ፕሮሰሰሩ በራሱ ሙቀት ይታፈናል። ትንሽ ማራገቢያ፣ ወይም ፕሮሰሰሩን ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር የሚያገናኝ የአሉሚኒየም ሳህን ይበቃል።

ፈሳሽ ካለ በድርብ ዕቃ ይታሸግ፤ አረፋው ቀድሞ ይውጣ፣ እዚያ ላይ ወደ ላይ ተንሳፍፎ አይለይምና። ብሎኖቹን በብሎን ማጣበቂያ አጥብቁ፤ ንዝረቱ ይፈታቸዋል። ዳታውም በሚሽከረከር ዲስክ ሳይሆን በሜሞሪ ካርድ ይቀመጥ።