የመጀመሪያ አጭር አኒሜሽንዎን ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦክቶበር 28፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 18፣ ዓለም አቀፍ የአኒሜሽን ቀን ነው። ዕለቱ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1892 እ.ኤ.አ. በዚያ ቀን ኤሚል ሬይኖ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ግሬቫን ሙዚየም ውስጥ በእጁ የሣላቸውን ሥዕሎች በመጋረጃ ላይ እያንቀሳቀሰ ለሕዝብ አሳየ። የሉሚየር ወንድሞች ሲኒማቸውን ለከፋይ ተመልካች ከማሳየታቸው ሦስት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው።

ከሥራዎቹ አንዱ 500 ሥዕሎች ብቻ ነበሩት፤ የሚታየው ግን ለ15 ደቂቃ ያህል ነበር። በሰከንድ 12 ሥዕል ብናሰላው 500 ሥዕል 42 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሬይኖ ሥዕሎቹ የተሣሉበትን ጥቅልል በእጁ ወደፊትና ወደኋላ እያዞረ፣ አንዳንዱን እንቅስቃሴ እየደጋገመ፣ አንዳንዱ ሥዕል ላይ እየቆመ ነበር ጊዜውን የሚያረዝመው። አኒሜሽን ከሥዕል ችሎታ ይልቅ ጊዜን የማከፋፈል ጥበብ ነው የምንለው ለዚህ ነው። በስልክ ካሜራ፣ በተቆረጠ ወረቀት ወይም በፕላስቲሲን የመጀመሪያ ፊልማቸውን የሚሠሩ ሰዎች የሚፈጽሟቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከጊዜ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ታሪኩን ማስረዘም

የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ተከታትሎ የሚታይ 24 ነጠላ ምስል፣ ነው። ለጀማሪ አንዱን ፎቶ ለሁለት ፍሬም ማቆየት ይበቃል፤ ስለዚህ በሰከንድ 12 ፎቶ ያስፈልጋል። አንድ ደቂቃ 720 ፎቶ ነው። ወረቀቱን ማንቀሳቀስ፣ ማየትና ማንሣት ለአንዱ ፎቶ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ፣ ለአንድ ደቂቃ ፊልም 24 ሰዓት ሙሉ ሥራ ይጠብቅዎታል። አምስት ደቂቃ ያሰበ ሰው 120 ሰዓት አስቧል ማለት ነው፤ ያውም የተበላሸውን እንደገና ሳይሠራ። ተጀምረው የቀሩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው።

ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይበቃል። አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ፍላጎት። ከተሰጣ እህል ላይ ልትለቅም የምትሞክር ዶሮና የሚያባርራት ልጅ ሙሉ ታሪክ ናቸው። ስደትን፣ ሠርግንና እርቅን በአንድ ፊልም ማጨቅ ግን ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል በ1908 እ.ኤ.አ. ወደ 700 በሚጠጉ ሥዕሎች የሠራው ፊልም ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ይታያል።

ድምፁን ለመጨረሻ ማቆየት

ገጸ ባሕርይው የሚናገር ከሆነ ድምፁ መቅደም አለበት። ምስሉን ጨርሶ ድምፅ በላዩ መለጠፍ አይገጥምም፤ ተዋናዩ ከአፉ ጋር ሲሯሯጥ ንግግሩ ሕይወት ያጣል። ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ወይም ልብስ በሞላበት ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ይቅረጹ። ከዚያ ድምፁን በስልክ መተግበሪያ ላይ ቀስ እያደረጉ እያዳመጡ የትኛው ፊደል በስንተኛው ፍሬም ላይ እንደሚወድቅ በደብተር ላይ ይጻፉ። ይህ ደብተር ሲቀርጹ ከእጅዎ አይለይ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነን አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የአፍ ቅርጽ ሠንጠረዥ ከኢንተርኔት አውርዶ ለአማርኛ መጠቀም። በዚያ ሠንጠረዥ ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣበት ቅርጽ ይገኛል፤ አማርኛ አይፈልገውም። የእኛ ሠንጠረዥ ፊደላችን ውስጥ ተቀምጧል። ካዕብና ሳብዕ፣ ማለትም ሙ እና ሞ፣ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ። ሣልስና ኃምስ፣ ሚ እና ሜ፣ ወደ ጎን ይለጥጣሉ። ራብዕ ማ አፍን በደንብ ያስከፍታል፣ ግዕዙ መ በመጠኑ፣ ሳድሱ ም ደግሞ እምብዛም። በእነዚህ አምስት ላይ ሁለት ይጨምሩ፦ ለመ፣ ለበ፣ ለፐ እና ለጰ የሚገጥም ከንፈር፣ ለፈ ደግሞ የላይኛውን ጥርስ የሚነካ የታችኛው ከንፈር። ሰባት የወረቀት አፍ ቆርጠው በክብሪት ቀፎ ውስጥ ቢይዙ ማንኛውንም አማርኛ ዐረፍተ ነገር ማናገር ይችላሉ።

ማጥበቅና ማላላትም አይረሳ። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺው ነው፤ መ እና ተ ጠብቀው ሲነበቡ ተመቺው። ሲላላ ከንፈሩ ለአንድ ፎቶ ቢገጥም ይበቃል፤ ሲጠብቅ ቢያንስ ሁለት ፎቶ ይፈልጋል። ይህ ካልተጠበቀ ተመልካቹ የሆነ ነገር እንደጎረበጠው ይሰማዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ከተጠራጠሩ ደግሞ ከንፈሩን ከድምፁ አንድ ፍሬም ያስቀድሙት። የቀደመ አፍ ዓይን ያልፈዋል፤ የዘገየ አፍ ግን ወዲያው ያስታውቃል።

በየፎቶው እኩል መግፋት

አዲስ ሠሪ የወረቀት እጅ ከጠረጴዛ ወደ አፍ ሲያነሣ በየፎቶው አንድ ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ሴንቲ ሜትር እያለ ይገፋል። እጁ ያን ጊዜ ክብደት አልባ ይሆናል። ክብደት ያለው ነገር ሲነሣ ይዘገያል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ሊያርፍ ሲል እንደገና ይዘገያል። 8 ሴንቲ ሜትር በ10 እርምጃ የሚሄድ እጅ እንዲህ ይከፈላል፤ በሚሊ ሜትር 2፣ 4፣ 8፣ 12፣ 14፣ 14፣ 12፣ 8፣ 4፣ 2። ይህን በወረቀት ቁራጭ ላይ ምልክት አድርገው ከእጁ ጎን ያስቀምጡና ሲቀርጹ ከካሜራው እይታ ውጭ ያውጡት። መንገዱም ቀጥ ያለ መስመር አይሁን። ክንድ በክርን ላይ ስለሚዞር እጅ የሚሄደው በቅስት ነው።

ቡና መቅዳትን እንውሰድ። ጀበናው በቀጥታ ወደፊት ካዘነበለ ካርቶን ይመስላል። መጀመሪያ ለሁለት ፎቶ በትንሹ ወደኋላ ይሂድ፣ ለአንድ ፎቶ ይቁም፣ ከዚያ ወደፊት ያዘንብል። ቡናው ጀበናው ባዘነበለበት ቅጽበት አይውጣ፤ ሁለት ፎቶ ይዘግይ። ቡናውን በቀጭን ቡናማ ወረቀት ከሠሩት መጀመሪያ ከጀበናው አፍ ላይ አጭር ሆኖ ይታይ፣ በሚቀጥለው ፎቶ እስከ ግማሽ፣ ከዚያ ሲኒው ውስጥ ይድረስ። ጀበናው ቀና ሲል ብዙዎች ወረቀቱን በአንድ ጊዜ ያነሡታል። ስህተቱ ይህ ነው። የቡናው ክር መጀመሪያ ከላይ ከጀበናው ይለያል፣ ጫፉ ወደ ታች ይወርዳል፣ የመጨረሻው ጠብታ ሲኒ ውስጥ ይገባል። ሦስት ፎቶ ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ግን ቡናው ትኩስ መሆኑን ያምናል።

ለወረቀት ክንድ መገጣጠሚያ ኮላ አይጠቀሙ፤ ይደርቅና ክንዱ አይታጠፍም። በመርፌ ቀዳዳ አበጅተው ክር ያሳልፉና በሁለቱም በኩል ይቋጩት።

12 ፎቶ የማይበቃበት ቦታም አለ። እስክስታ አንዱ ነው። ትከሻው በሰከንድ 6 ጊዜ ከፍ ዝቅ ቢል በ12 ፎቶ ለአንድ ዙር ሁለት ፎቶ ብቻ ይደርሰዋል፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ይህ ጭፈራ ሳይሆን ብልጭልጭታ ነው የሚሆነው። ለዚያ ትዕይንት ብቻ ወደ 24 ፎቶ ይውጡና ለአንድ ዙር አራት ይስጡት። ደረቱንና አንገቱንም ከትከሻው አንድ ፎቶ ያዘግዩት።

መቆምን መፍራት

ሁሉም ነገር ሁልጊዜ መንቀሳቀስ ያለበት የሚመስላቸው አሉ። ዶሮዋ እህሉን ካየች በኋላ ለ8 ፎቶ ፍጹም ጸጥ ብትል ተመልካቹ ሐሳቧን ያነባል። ያለ እረፍት የሚወዛወዝ ገጸ ባሕርይ ግን ምንም የሚያስብ አይመስልም። ጸጥታው ከ12 ፎቶ ካለፈ አንድ የዓይን ጥቅሻ ያስገቡ፤ ክፍት፣ ግማሽ፣ ዝግ፣ ግማሽ፣ ክፍት።

ስልኩ ራሱ እንዲወስን መተው

ፊልሙ ሲታይ ብርሃኑ የሚርገበገበው ብዙውን ጊዜ ስልኩ በየፎቶው ብርሃኑንና ቀለሙን እንደገና ስለሚለካ ነው። እጅዎ በካሜራው እይታ ጫፍ ሲያልፍ እንኳ ልኩ ይቀየራል። ስለዚህ ፎከሱን፣ የብርሃን መጠኑንና የቀለም ሚዛኑን ሦስቱንም ይቆልፉ፤ ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮን የመሰሉ መተግበሪያዎች ይህን ይፈቅዳሉ፣ ያለፈውን ፎቶም ሳሳ አድርገው ስለሚያሳዩ ምን ያህል እንደገፉ ይታያል።

በመስኮት ብርሃን አይቀርጹ። ዓይን የማያስተውለው ደመና በፊልሙ ላይ እንደ መብረቅ ይታያል። መጋረጃውን ዘግተው ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ ያቁሙ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ የአምፖል ብርሃን በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት በ1/50 ወይም በ1/25 ሰከንድ ካደረጉት ይህ መርገብገብ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ እኩል ይገባል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ ይሻላል። ትዕይንቱ መሃል ኃይል ቢጠፋ ወረቀቶቹን ሳይነኩ ይጠብቁ።

ስልኩን እንዳይነቃነቅ በፕላስተር አጥብቀው ያያይዙ፣ ስክሪኑንም አይንኩ። በብዙ ስልኮች ላይ ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ የድምፅ ቁልፍ ፎቶ ያነሣል። ጥቁር ልብስ ይልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ በወረቀቱ ላይ ብርሃን ይመልሳል።

ጥቃቅን የሚመስሉት

የፍሬም ቁጥሩን መጀመሪያ ይወስኑ። በ24 ጀምሮ በ30 ኤዲት ማድረግ እንቅስቃሴውን ያንገጫግጨዋል፣ የከንፈሩንም ልክ ያዛባል። የሚወዱትን የታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን ያለ ፈቃድ አያስገቡ፤ ፌስቲቫሎች ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ዩቲዩብም ሊያግደው ይችላል። ክራር የሚጫወት ጎረቤት 40 ሰከንድ ቢጫወትልዎት ለፊልሙ ይበልጥ ይስማማዋል።

«ለልጆች ነው» ብሎ ማሳየት

አጭር አኒሜሽን የሚያሳዩ ብዙ አዘጋጆች ፊልሞቹን በጠዋት፣ በጫጫታ መሃል፣ ልጆችን ለማቆየት ብቻ ያስገቧቸዋል። በወራት ድካም የተሠራ 40 ሰከንድ ይህ አይገባውም። አዳራሹን አጨልሙ፣ ፊልሙን በዚያው ፕሮጀክተር ላይ ቀድማችሁ ሞክሩ፣ ጨለማ ትዕይንቶች በኮምፒውተር ከሚታዩት ይበልጥ ስለሚጨልሙ ብርሃናቸውን ከፍ አድርጉ። ከ45 ሰከንድ ፊልም በኋላ የአንድ ደቂቃ የስም ዝርዝር አይሂድ፤ 10 ሰከንድ ይበቃል፣ የአማርኛውም ፊደል ከኋላ ወንበር የሚነበብ ይሁን። ተከታትለው የሚታዩ ፊልሞች ካሉ በእያንዳንዳቸው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሁለት ሰከንድ ጥቁር ምስል ጨምሩ፤ ያ ከሌለ የአንዱ ፊልም የመጨረሻ እይታ ተመልካቹ ሳያጣጥመው በሚቀጥለው ይሸፈናል።