ዶርዜ ስትወጡ ከእንሰቱ ጓሮ ጀምሩ

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ጎረቤቶቻችን ሸማኔዎች ነበሩ። መስቀል ሲደርስ ሰፈሩ ጭር ይላል፤ ሁሉም ወደ ጋሞ ተራሮች፣ ወደ አገሩ ይገባል። እኔ ያንን አገር ያየሁት ካደግኩ በኋላ ነው፣ ከእናቴ ጋር። እናንተም ልትሄዱ ካሰባችሁ እንዲህ አድርጉ።

ከአርባ ምንጭ መናኸሪያ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና በጠዋት ያዙ፤ የሸማኔዎቹ መንደር ዶርዜ ከጨንቻ በፊት መንገዱ ላይ ነው። ቀኑ ሰኞ ወይም ሐሙስ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የዶርዜ ገበያ ያን ቀን ነው የሚቆመው። አርባ ምንጭ ላይ በቲሸርት ያልባችኋል። ጨንቻ ግን ከፍታው 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ። ጉም ሳይወርድ ዳገቱ ላይ ዞር ብላችሁ ሐይቆቹን እዩ። አባያ ወንዞች በሚያመጡት አፈር ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ ይመስላል። በመሃላቸው ያለው መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል።

ዶርዜ የሚደርስ ብዙ ሰው የቀርከሃውን ቤት ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ግማሽ ቀን ስጡት። መጀመሪያ ከቤቱ ሰው ጋር ዋጋ ተነጋገሩ፤ ምሳው፣ ፎቶው፣ ጉብኝቱ ምን ምን እንደሚያካትት ይለይ። ዝርዝር ብር ያዙ።

ከዚያ ጓሮ ግቡ። እኛን የተቀበሉን እማማ የእንሰቱን ግንድ አጋድመው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁ ነበር። እናቴ "እስቲ ልሞክረው" ብላ ተቀመጠች። አምስት ደቂቃ አልቆየችም፣ ክንዷ ዛለ። እማማ ሳቁና እጇን ይዘው አሳዩዋት፤ ጉልበቱ ከክንድ ሳይሆን ከትከሻ ነው። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ይብላላል። የሚቀረው ክር ቃጫ ይሆናል። አንድ እንሰት እዚህ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የቀረበላችሁን ቆጮ አትተዉ። በቅጠል ተጋግሮ ትኩሱን ከማርና ከዳጣ ጋር ነው የሚበላው። ሽታው መጀመሪያ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ይለመዳል።

ቤቱን በኋላ እዩት። ከቀርከሃ የተሠራ ነው፣ ፊቱ የዝሆን ይመስላል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች ይቆረጣል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ቤት ካያችሁ ዕድሜው የገፋ ነው። ከብቶቹም ውስጥ ያድራሉ፣ ሙቀት ይሰጣሉ። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ነጠላም ሆነ ጋቢ ከፈለጋችሁ ከሸማኔው እጅ ግዙ። ስትከራከሩም የሠራበትን ቀን አስቡለት።

ጊዜ ካላችሁ እስከ ጨንቻ ውጡ። የአፕል አገር ነው። ችግኝ ከገዛችሁ ሁለት የተለያየ ዓይነት ይሁን፤ አፕል ከሌላ ዓይነት አበባ ጋር ካልተገናኘ በደንብ አያፈራም። ብርድ ስለሚወድ ቆላ አትውሰዱት። እናቴ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ እስከ አዲስ አበባ ጭኗ ላይ ይዛው መጣች። ሁለቱም ጸድቀዋል፣ በራችን አጠገብ ናቸው።