ወዳጅ ለመጠየቅ መመለስ፦ አንድ ጊዜ አገሬ ወዳሉት አገር የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

በአማርኛ ወዳጅን ሄዶ ማየት «መጠየቅ» ይባላል። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ የራቀ ወዳጅም ይጠየቃል። ቃሉን ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ ግን 9 ዓመት የኖርኩበትን አገር ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለስኩ ጊዜ ነው። በ12 ቀን 26 ሰው አየሁ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተጣደፍኩ ለሁሉም የራሴን ወሬ አወራሁ። መመለሻ አውሮፕላን ላይ ተቀምጬ ቀበቶዬን ሳስር፣ በልብ ጓደኛዬ ግራ እጅ ላይ ያየሁት ረጅም ጠባሳ ትዝ አለኝ። ከእጅ አንጓዋ ተነሥቶ ወደ ክርኗ ይወጣል። ድሮ አልነበረም። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። 26 ሰው አይቼ አንድም ሰው ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የምጽፈው ከእነዚያ ጉዞዎች የተማርኩትን ነው። አገሩ የተወለዱበት፣ የተማሩበት ወይም በስደት የኖሩበት ሊሆን ይችላል፤ ዝግጅቱ ብዙም አይለያይም።

1. ማንን እንደሚጠይቁ ይወስኑ

ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም ይጻፉ። ዝርዝሩ 40 ወይም 50 ቢደርስ አይደንግጡ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባር አንድ ሰው ጠብቆ ሊያቆየው የሚችለው ግንኙነት 150 ያህል እንደሆነ፣ ከእነዚህ ውስጥ እጅግ የሚቀርቡት ግን አምስት ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይናገራል። ጉዞው የሚታቀደው በእነዚህ በጥቂቶቹ ዙሪያ ነው።

እነማን እንደሆኑ ለመለየት እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ሰው ዛሬ ሌሊት ክፉ ነገር ቢደርስበትና ወሬው ከዓመት በኋላ ብሰማው ይቆጨኛል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ስሙን ይክበቡት።

ለእያንዳንዱ የተከበበ ስም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጥናት፣ ሁለት ሰዎች የቅርብ ጓደኛ እስኪሆኑ ድረስ አብረው የሚያሳልፉት ጊዜ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚሆን ገምቷል። ያን ሁሉ ሰዓት የፈጀ ወዳጅነት በ40 ደቂቃ ጉብኝት ይታደሳል ብሎ ማሰብ ወዳጁን ማቃለል ነው። የቀሩትን ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ላይ አሰባስበው ያግኟቸው። እነርሱም እርስ በርስ ከተያዩ ዓመታት ሆኗቸው ይሆናልና የእርስዎ መምጣት ለእነርሱም መገናኛ ይሆናል።

2. አስቀድመው ይጻፉላቸው

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ዓመታት ነጉደዋል። ወዳጅዎ ሲያገባ እርስዎ አልነበሩም፤ እናቱ ሲሞቱ የሰሙት ዘግይተው ነው፤ የላከልዎትን መልእክት ነገ እመልሳለሁ ብለው ረስተውታል። «አሁን በምን ፊቴ?» ያሰኛል። በዚህ እፍረት የተነሣ የቀሩ ጉዞዎች በቪዛ ምክንያት ከቀሩት ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ።

እፍረቱ ግን ግምታችን የወለደው ነው። በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመራማሪዋ ፔጊ ሊዩና የሥራ ባልደረቦቿ ከ5,900 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ሙከራዎች ውጤት አሳትመው ነበር። ሰዎች ለራቀ ወዳጅ ሲጽፉ፣ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። የተቀባዩ ደስታ ከፍ የሚለው ደግሞ መልእክቱ ያልተጠበቀ በመሆኑ ነው። ስለዚህ የዘገየ ሰላምታም ሰላምታ ነው፤ ይላኩት።

ሰበብ አይደርድሩ። አንድ መስመር ይቅርታ ይበቃል፤ ከዚያ አንድ የጋራ ትዝታ፣ ከዚያ የሚመጡበት ቀን፣ በመጨረሻ ጥያቄ። ለምሳሌ፦ «ብዙ ዘመን ጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ። መብራት ጠፍቶብን በእጅ ባትሪ ለፈተና ያጠናንበት ሌሊት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ከጥር 10 እስከ 24 እዚያ ነኝ። በዚያ ሰሞን ሥራህና ቤትህ እንዴት ነው? የሚመችህን አንድ ቀን ስጠኝ።»

ከመላክዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው ስልክ ቁጥሩ ነው። የስልክ ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ያልዋለን ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ስለሚሰጡ፣ የልብዎን ቃል የማያውቁት ሰው ሊያነበው ይችላል። መጀመሪያ ስም ጠቅሰው እርሱ መሆኑን ብቻ ይጠይቁ። ሁለተኛው ከባዱ ነው፦ ሰውየው በሕይወት መኖሩ። ከሁሉም ጋር ግንኙነቱን ያላቋረጠ አንድ ሰው ፈልገው «ማን አለ? ማን ታመመ? እነማን ተለያዩ? ማን ከማን ተኳርፏል?» ብለው ይጠይቁት። ይህ ሐሜት አይደለም። ሳያውቁ የተፋቱ ባልና ሚስትን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ፣ ወይም ባሏ የሞተባትን ሴት «እርሱስ እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ያድናል።

ሳይናገሩ ሄዶ በር ማንኳኳትን አልመክርም። መልእክት ድንገት ሲደርስ ደስ ያሰኛል፤ ሰው ድንገት ሲደርስ ግን የቤቱን ባለቤት ያስጨንቃል፣ በተለይ ኑሮው ከድሮው ዝቅ ያለበትን።

3. ወረቀቱንና ጤናዎን ያሰናዱ

እዚያ መኖርዎ የመግቢያ መብት አይሆንዎትም። የመኖሪያ ፈቃድ ባለቤቱ ከአገሩ ርቆ ሲቆይ በብዙ ቦታ ይሰረዛል፤ ዜግነቱን የቀየረ ሰውም በተወለደበት አገር ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። ለቀድሞ ዜጎቻቸው የተለየ መታወቂያ የሚሰጡ አገሮች አሉ፤ ሁለት ዜግነት ያለው ሰው በእነርሱ ፓስፖርት ብቻ እንዲገባ የሚያስገድዱም አሉ። ኤምባሲውን አስቀድመው ይጠይቁ። ፓስፖርትዎ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን፤ ብዙ አገሮች ይህን ይጠይቃሉ። ጥሬ ገንዘብ የሚይዙ ከሆነም የማስመዝገብ ግዴታውን ይወቁ። ወደ አሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ደግሞ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ የሚገባ ሰው ማሳወቅ አለበት።

ጤናው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ተመላሽ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጉዞ ሕክምና ባለሙያዎች ወዳጅ ዘመድ ለመጠየቅ የሚጓዙትን ከቱሪስቶች ለይተው ይመለከቷቸዋል። ቱሪስቱ ስለሚፈራ ሐኪም ያማክራል። ተመላሹ ግን «ያደግሁበት ነው፣ ምን ይነካኛል?» ይላል። ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው በሽታው ደጋግሞ ሲይዘው ያዳበረው ከፊል የመከላከል አቅም፣ ከአካባቢው ርቆ ሲኖር እየተሟጠጠ ይሄዳል። ወባ በሌለበት አገር የተወለዱት ልጆቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የምስክር ወረቀቱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ድሮ የተከተቡ ከሆነ ግን ካርድዎን ጊዜው አልፎበታል ብለው አይጣሉት፤ ከሐምሌ 2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተወስኗል።

4. ማረፊያ

ወዳጅ ቤት ማደር ቅርበቱን ይመልሳል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ግን ሆቴል ይሻላል ባይ ነኝ። የሰዓት ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል እያለ ነው የሚስተካከለው፤ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ደግሞ ይከብዳል። በሰው ሳሎን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐይን አፍጥጦ መቀመጥ ለባለቤቱም ለእንግዳውም ድካም ነው። የልብ ጓደኛዎን የሚያዩበትን ቀንም እንቅልፍ ባጡበት ሌሊት ማግሥት አያድርጉት።

5. ወደ ኑሯቸው ይግቡ

በቀን ከአንድ ቤት በላይ አይያዙ። ከየሦስቱ ቀን አንዱን ባዶ ይተዉት፤ መምጣትዎን የሰማ ያላሰቡት ሰው ይደውላልና።

ወዳጅዎ ለእርስዎ ብሎ ሥራውን እንዲያቋርጥ አያድርጉ። ይልቅስ ሥራውን ይጋሩት። በሁለተኛው ጉዞዬ ባለ ጠባሳዋ ጓደኛዬ «ዛሬ የቤት ሥራ ተከምሮብኛል፣ ነገ እንገናኝ» አለችኝ። አብሬሽ እሠራለሁ ብዬ ሄድኩ። ከገመድ ላይ የወረዱ አንሶላዎች በቅርጫት ሞልተው ነበር። እርሷ ሁለቱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሁለቱን። ወጥረን እናራግፋለን፤ ወደ መሐል ተራምደን ጫፍ ከጫፍ እናገጥማለን፤ የያዝኩትን ለእርሷ አቀብልና ዝቅ ብዬ እጥፉን አነሣለሁ። ሦስተኛው አንሶላ ላይ ፊት ለፊት ስንገጥም ጠባሳው ዐይኔ ሥር መጣ። «ይህ ምንድን ነው?» አልኳት። አንሶላውን አልለቀቀችም። እኔ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት ከደረጃ ወድቃ እጇ እንደተሰበረ፣ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላት፣ ግማሽ ዓመት ሙሉ በአንድ እጇ ሕፃን እንዳሳደገች ነገረችኝ። «ማን ረዳሽ?» አልኳት። «ጎረቤት» አለችኝ። ከዚያ አራተኛውን አንሶላ አነሣን።

ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ ይህን አትነግረኝም ነበር። እጅ ሥራ ይዞ ዐይን ሌላ ቦታ ሲውል ከባድ ነገር ለመናገር ይቀላል። ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሲወጣ አብረው ይውጡ፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ካለው ተራ እስኪደርሰው አብረው ይጠብቁ።

6. ሲገናኙ

ኦስትሪያዊው ፈላስፋ አልፍሬድ ሹትዝ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። በ1945 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ተመላሽ ሰው ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተመላሹ ጥሎት የሄደውን ቤት እንደነበረ አገኛለሁ ብሎ ቢጠብቅም ቤቱ እንደማይቆየው፣ ተመላሹም ራሱ የሄደው ሰው እንዳልሆነ ያስረዳል። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎ፦ ድሮ የነበረውን ቀልድ ይዘው ቢሄዱ ላያስቅ ይችላል። ይህ የወዳጅነቱ ማብቃት አይደለም። በመካከል ያለፉትን ዓመታት መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል ማለት ብቻ ነው።

ስለዚህ የራስዎን ወሬ ያቆዩ። «እንዴት ነህ?» የሚለው ጥያቄ «ደህና» ከሚል መልስ በቀር ብዙ አያመጣም። «እኔ ከሄድኩ በኋላ የከበደህ ዓመት የትኛው ነበር?» የሚለው ግን በር ይከፍታል። ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም አይሙሉት።

«እኛ ጋ እኮ እንዲህ አይደለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከቤት ጥለውት ይሂዱ። መንገዱን፣ ዋጋውን፣ ሆስፒታሉን ከሚኖሩበት አገር ጋር ሲያወዳድሩ፣ እዚያ የቀረው ወዳጅዎ የሚሰማው ኑሮው ሲናቅ ነው። ቅሬታውን እርሱ ካነሣው ይስሙት፤ ደርበው አይማረሩ።

ስጦታን በተመለከተ፣ ውድ ዕቃ መልሶ የመስጠት ዕዳ ያሸክማል። እኔ የምመርጠው የድሮ ፎቶግራፍ ነው። በእርስዎ እጅ ብቻ የቀረ ምስል ካለ በደንብ ያሳትሙትና ይውሰዱላቸው። አንድ ወዳጄ የሟች አባቱን በጎን የሚያሳይ፣ እኔ ሳላስበው ያነሣሁትን ፎቶ ሰጥቼው ለረጅም ጊዜ ሳይናገር ይዞት ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ልጆቹን ጠራ።

የገንዘብ እርዳታ ቢጠየቁ፣ መልስዎን ጠያቂው ፊት ከመፈለግ ይልቅ መስጠት የሚችሉትን መጠን ከመሄድዎ በፊት ወስነው ይሂዱ። የሚሰጡትን ብድር ሳይሉ ይስጡ።

7. የማያገኟቸው

አንዱ ሞቷል። መቃብሩን መጎብኘት ከፈለጉ ብቻዎን አይሂዱ፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይጠይቁና አብረው ይሂዱ። ለእነርሱ አባታችንን የሚያስታውስ ሰው ከሩቅ መጣ ማለት ነው።

ሌላው መልስ አልሰጠም፣ ወይም መገናኘት አልፈለገም። አንድ ጊዜ ይጻፉ፣ ቀንዎ ሲቃረብ አንድ ጊዜ ይድገሙ፣ ከዚያ ይተዉት። በሰው በኩል አያስለምኑት። ምክንያቱን የማወቅ መብት የለንም።

8. ከተመለሱ በኋላ

ስንብት ላይ «በቅርቡ እመጣለሁ» ብለው ቃል አይግቡ፤ የማይጠበቅ ቃል ከዝምታ ይብሳል። ይልቅስ በየምሽቱ ከመተኛትዎ በፊት በዚያ ቀን የሰሙትን በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይያዙ፦ የልጆቹን ስም፣ የልጅቱን የፈተና ቀን፣ የባሏን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ፣ የፍርድ ቤቱን ቀን። ቤትዎ ሲገቡ ሻንጣውን ከመፍታትዎ በፊት ቀኖቹን ወደ ቀን መቁጠሪያዎ ይገልብጡ። ከዚያ ቀኑ ሲደርስ ይደውሉና እንዴት ሆነ ብለው ይጠይቁ።